መኪናውን እያቆመ ነው

ጽዮን የደወለችው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቷ ሕብስት ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ምስር በትሪ ዘርግታ እየለቀመች ነበር። ስልኩን አነሣችና እንደ ልማዷ ከሰላምታ በፊት፣

«ሁሉም ሰው አለ?» አለች።

«ሁሉም አለ፣ እማ። እኔም አለሁ» አለች ጽዮን። «ሐሙስ ጉልበቴን ሊሠሩልኝ ነው። ትንሽዬ ኦፕራሲዮን ናት፤ በዚያው ቀን ያስወጡኛል።»

ልጅቱ ባለፈው ወር ከትራም ስትወርድ ጉልበቷ ተጠምዝዞባት እያነከሰች መሆኑን ሕብስት ታውቃለች። የማታውቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው።

«ብቻዬን አይለቁኝም። ማደንዘዣ ስለሚሰጡኝ የሚወስደኝ ሰው ስም ስጪ አሉኝ። ታክሲም ቢሆን ብቻዬን መግባት አልችልም። ቤት ከደረስኩ በኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው አብሮኝ ማደር አለበት። ትመጪያለሽ፣ ኖን? ትመጪያለሽ አይደል?»

ሕብስት ምስሩን በእጇ ጠርዝ ወደ ትሪው መሐል ሰበሰበችው። ጽዮን የምትኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነው፤ የሚሠሯት ዙሪክ ነው። ሕብስት ዙሪክን ከረገጠች ሦስት ዓመት አልፏል። ልጇ ለሥራ ወደዚያ ከተዛወረች ጀምሮ ሄዳ አይታት አታውቅም። አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ወገቤ ነው፣ አንዴ ጾም ነው እያለች ስለምትቀር፣ ጽዮን ራሷ ወደ ጄኔቫ ስትመላለስ ቆይታለች። ልጅቱም ምክንያቱን ስለምታውቅ አንድም ቀን አልጨቀጨቀቻትም።

«ሌላ ሰው የለሽም?» ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ሌላ ሰው ከሄደ፣ ልጇ እንዴት እንደሆነች የምትሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው።

«እመጣለሁ» አለች። «ስሜን ስጪያቸው። ከነአባቴ ስም።»

ሕብስት ጄኔቫ ውስጥ፣ ሻትሌን ከሚባለው ሰፈር ፎቆች በአንዱ፣ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ኖራለች። ጡረታ እስክትወጣ የሠራችው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ እጥበት ክፍል ነው። ምድር ቤት ያለ፣ እንፋሎት የሞላው፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። የሽማግሌዎቹን ፊት ብዙም አታውቀውም፤ ፒጃማቸውን ግን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። አንድ ሳምንት ሰማያዊ መስመር ያለው ሳይመጣ ይቀራል። በሚቀጥለውም አይመጣም። ከላይ ወርዶ ማንም ምንም አይነግራትም። እሷ ግን አውቃ፣ በልቧ ነፍስ ይማር ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሞትን እንደዚህ፣ ሰው ሳይነግራት፣ በራሷ እጅ ማወቅ ለምዳ ነበር።

ባሏ ታዲዮስ የዳቦ ቤት ዕቃ አመላላሽ ሾፌር ነበር። ከሥራ ውጭም ከመሪው አይወርድም። ከሐበሻው ወገን ሐኪም ቤት የተኛ ሰው ሲወጣ የሚያመጣው እሱ ነው። ዓይኗን የተሠራች ብትሆን፣ አንጀቱን የታየ ቢሆን፣ ታዲዮስ በር ላይ ይጠብቃል፣ ደግፎ ፎቅ ያወጣል፣ ውሃ አፍልቶ አስቀምጦ ይሄዳል። የሰውየውን ሕመም ለማንም አያወራም። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረበት፤ ለመኪና ማቆሚያ አይከፍልም። «የቆመ ነገር ምን በላና ነው የምከፍልለት?» ይል ነበር። ሕብስትን በር ላይ አውርዶ ነፃ ቦታ ፍለጋ ሰፈሩን ይዞራል። ስለዚህ ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ሁልጊዜ ብቻዋን ትገባለች። «ታዲዮስስ?» ሲሏት፣ «መኪናውን እያቆመ ነው» ትላለች። ሰው ሁሉ ይስቃል። ሾርባው ሲቀዘቅዝ እሱ ይደርሳል።

የሞተው ዙሪክ ነው። የልብ ወዳጁ ኅሩይ የልጅ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ተጠርቶ ሄደ። ሕብስት ተረኛ ስለነበረች ቀረች። ሲመሻሽ ኅሩይ ደወለ።

«ሕብስት፣ አትደንግጪ። ታዲዮስ ትንሽ ደከመውና ሐኪም ቤት ይዘነው ገብተናል። ደህና ነው፣ ተኝቷል። ዛሬ አትምጪ፤ ጠዋት ሰዎች ይዘውሽ ይመጣሉ» አላት።

በዚያ ሰዓት ታዲዮስ ሞቷል። መርዶ ግን በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሳይነጋ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ ነው የሚነገረው። ኅሩይ ሥርዓቱን ጠበቀ፤ ጄኔቫ ያሉትም ጠበቁ። ለሥራ ለንደን ለነበረችው ለጽዮን እንኳ የነገሯት በማግስቱ ነው። ሕብስት ያን ምሽት ፒጃማውን ተኩሳ፣ ሾርባ ሠርታ፣ መነጽሩንና የደም ግፊት መድኃኒቱን ቦርሳ ውስጥ ከተተች። መድኃኒቱን ረስቶ በመሄዱ ተናድዳ ነበር። አልጋው ላይ እንዳለ ምን ምን እንደምትለው ቃል በቃል እያዘጋጀች፣ ለብቻዋ ስትቆጣው አመሸች። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ስድስት ሰዎች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። እሷ ካፖርቷን ለብሳ ቦርሳዋን ይዛለች።

«ለምን ሁላችሁም መጣችሁ?» አለቻቸው። «አንድ መኪና አይበቃንም እኮ።»

ያን ንግግሯን እስከ ዛሬ ስታስበው ፊቷ ይግላል። ሞቱን እንደ ማንኛዋም ሴት አለቀሰች፣ ሰልስቱን አርባውን አወጣች። ያቺ አንዲት ምሽት ግን አልወጣላትም። ሰው ሁሉ እያወቀ፣ እሷ ብቻ ባል ነበራት።

ከዚያ በኋላ ነው ስልክ ስታነሣ «ሁሉም ሰው አለ?» ማለት የጀመረችው። የሻትሌን ወጣቶች ይቀልዱባታል። «ወይዘሮ ሕብስት ጋ ስትደውል መጀመሪያ ቆጠራ አድርግ» ይባባላሉ። ኅሩይን ደግሞ በተዝካሩ ቀን «አቶ ኅሩይ» ብላ ጠራችው፤ እርስዎ አለችው። ሠላሳ ዓመት አንተ ያለችውን ሰው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ሐሙስ ማለዳ ከኮርናቫ ጣቢያ ባቡር ተሳፈረች። ሐኪም ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር እንደሆነ ታውቃለች። ማታ ቦርሳ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ሾርባ ልትጨምርበት ስትል እጇ እንቢ አላት። ቦርሳውን ወደ ቁም ሣጥን መልሳ፣ እንዲሁ በሻርፕና በካፖርት ወጣች። ሐይቁ ጭጋግ ውጦት አይታይም። ባቡሩ በርን ከተማ ላይ ሲቆም ከጽዮን መልእክት ደረሳት፤ «እየገባሁ ነው፣ እወድሻለሁ» ይላል። ከዚያ የልጇ ስልክ ተዘጋ። ሕብስት የራሷን ስልክ ጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ቢጮህ ማን እንደሚሆን ማየት አልፈለገችም።

ዙሪክ ስትደርስ በትልቁ አዳራሽ መሐል መሬት መሬቱን እያየች አልፋ ትራም ያዘች። የቀን ሕክምናው ክሊኒክ ትራሙ ከሚቆምበት ብዙም አይርቅም። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ በጀርመንኛ ጀመረቻት፤ ሕብስት በፈረንሳይኛ መለሰች። ልጅቱም ወደ ፈረንሳይኛ ዞራ ስሟን ፈልጋ አገኘች።

«አዎ፣ የጽዮን እናት። ይቀመጡ፣ መጥተው ያነጋግሩዎታል። ሌሎቹም እዚያ አሉ።»

«ሌሎቹ?» አለች ሕብስት።

ዞር አለች። ከመስኮቱ ሥር ካሉት ወንበሮች ላይ ሁለት ሰዎች እኩል ተነሡ። ሁለቱም ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ወንዱ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። ሴቲቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። አንገታቸውን ደፍተዋል።

ኅሩይና ሚስቱ ወርቅዬ ናቸው።

ሕብስት አልጮኸችም። እጇ ብቻውን ወደ ትከሻዋ ሄደና ነጠላ ፈለገ፣ ጥለቱን ሊዘቀዝቅ። ያገኘው የሱፍ ሻርፕ ነው። የወንበር መደገፊያ ያዘች።

«ይንገሩኝ» አለች። «ዙሪያውን አይሂዱብኝ። ልጄን ምን አገኛት?»

«ምንም» አለ ኅሩይ። ተደናግጧል። «ምንም አላገኛትም። ደህና ናት፣ ተኝታ…»

«ይሄን ቃል እርስዎ አይንገሩኝ።»

ሚስቱ በዚህ መሐል ነገሩ ገባት። ቁልቁል የራሷን ካፖርት አየች፣ የባሏንም አየች።

«በስመ አብ» አለች ቀስ ብላ። «ሕብስትዬ፣ እኛ ለመርዶ አልመጣንም። ለሹፍርና ነው የመጣነው። ካፖርቱ የቅናሽ ነው፣ ከጥቁር ሌላ አልነበራቸውም።»

«ማን ጠራችሁ?»

«ልጅሽ። የሚያድረው ሰው ስም ላይ አንቺን፣ የሚነዳው ላይ እሱን አስመዘገበች። እማ እንቢ ትላለች ብላ ፈርታ ይሆናል ያልነገረችሽ። እኔ ደግሞ ሾርባ ይዤ ተጨመርኩ፤ ሳልጠራ።»

ሕብስት የሰማችውን ለማመን አልቻለችም። ያን ቀንም የሰማችው እንደዚህ ያለ ጤነኛ ቃል ነበር። ወደ መቀበያው ተመልሳ በፈረንሳይኛ፣ «ልጄን አሁን ማየት እፈልጋለሁ። አሁን» አለች። ልጅቱ ፊቷን አይታ ስልክ አነሣች። አንዲት ጸጉሯን ያሳጠረች ነርስ መጥታ ይዛት ገባች።

ጽዮን መጋረጃ በከለለው አልጋ ላይ ነበረች። እግሯ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ወጥቷል። ዓይኖቿ ግማሽ ተከፍተዋል። ሕብስት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ይሞቃል። አንገቷን ነካች፤ ይመታል። ከዚያ በኋላ ነው የተነፈሰችው።

«ሁሉም እንደታሰበው ሄዷል» አለች ነርሷ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ። «ገና ሙሉ በሙሉ አልነቃችም። አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቅዎት ይሆናል። አይጨነቁ፣ በለስላሳ አንደበት ይመልሱላት። በኋላ አታስታውሰውም።»

ጽዮን ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። እንደ ልጅነቷ ፈገግ አለች።

«እማ። መጣሽ።»

«መጣሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ፓፓስ?»

ሕብስት መልስ አላሰበችም። መልሱ ቀድሟት ወጣ።

«መኪናውን እያቆመ ነው።»

«ኦ ላ ላ» አለች ጽዮን፣ ዓይኗን እየከደነች። «ዛሬ አይመጣማ።»

ነርሷ ትርጉሙ ባይገባትም አብራ ፈገግ ብላ መጋረጃውን ስባ ሄደች። ሕብስት እዚያው ቆመች። ያለችውን ጆሮዋ ሰምቷል፤ አፏ ግን የራሷ አልመሰላትም። ትንሽ ቆይታ ጽዮን ዓይኗን ገለጠች።

«ፓፓስ?»

«እያቆመ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እስካሁን?»

«ዝናብ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።»

ዝናቡን ማን ጠየቃት? ውጭ ዝናብ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠየቅ ደግሞ፣ ብርድ ስለሆነ ታዲዮስ ወፍራሙን ጃኬት እንደለበሰ ጨመረች። የመጀመሪያዋን ቃል ካወጣች በኋላ የቀረው እየተጎተተ የሚመጣ ነገር ነበር። ጃኬቱ በዓይኗ መጣባት፤ የእጅጌው ጫፍ የተበላው ቡናማው ጃኬት። መጋረጃው በነፋስ ሲንቀሳቀስ ዞር ብላ አየች። ማንን እንደጠበቀች ስታውቅ ፈራች።

ጽዮን ብርቱካን ጭማቂ ጠጥታ፣ ለብሳ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነርሷ፣ «ማን ነው የሚወስዳችሁ?» አለች። ሕብስት ወጣ ብላ ወደ ባልና ሚስቱ ሄደች። ኅሩይ አሁንም ኮፍያውን አልደፋም።

«ታክሲ እጠራለሁ» አለቻቸው።

ወርቅዬ ወገቧን ያዘች። «ጥሪ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ቤት። ልጅቱ በሁለት ክራንች። ታክሲው በር ላይ ያወርዳችሁና ይሄዳል። ከዚያ አንቺ በዚያ ወገብሽ አዝለሽ ታወጫታለሽ?»

«ጎረቤት አይጠፋም።»

«ጎረቤቱን ታውቂዋለሽ? ቤቱን ራሱ ታውቂዋለሽ?»

ሕብስት ወደ ውስጠኛው በር ዞር ብላ አየች።

«ልጅቱን እናውጣና ኩራትሽን ከላይ ሆነሽ ትቀጥያለሽ» አለች ወርቅዬ። «ማንም አይወስድብሽም።»

ሕብስት ወደ ኅሩይ ሳታይ፣ «መኪናዎ የት ነው?» አለች።

«በሩ ፊት ለፊት» አለ ኅሩይ። «ከፍዬ ነው ያቆምኩት።»

መኪናው ላንግሽትራሰ ጎዳና ላይ ያለው የባልና ሚስቱ ሱቅ ዕቃ መጫኛ ነው። በርበሬና ኮረሪማ ይሸታል። ወርቅዬ ሾርባውን አቅፋ ከፊት ተቀመጠች። ጽዮን ከኋላ እግሯን ዘርግታ በጀርባዋ እናቷ ላይ ተደገፈች። ኅሩይ ኮፍያውን ደፍቶ ሞተሩን አስነሣ። የትራሙን ሐዲድ ተሻግረው ወደ ትልቁ መንገድ ሲገቡ ጽዮን ራሷን ቀና አደረገች። ከፊቷ ያለውን ሽበታም ማጅራትና ኮፍያ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ፓፓ» አለች።

ወርቅዬ ቀጥ አለች። ኅሩይ አልዞረም። ዓይኑ ግን በመስታወቱ ውስጥ ተነሥቶ ሕብስትን ፈለገ። አልሰማሁም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ መልሱንም በራሱ መስጠት ይችል ነበር። አልሰጠም። ጠበቀ። የሚያስፈራ ነገር የያዘ ሰው ማስቀመጫ ቦታ እንደሚጠይቅ፣ በዓይኑ ይጠይቃታል። ያን ምሽት ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ሕብስት ራሷን ነቀነቀች።

«ወይ፣ ልጄ» አለ ኅሩይ።

«ለምን ቆየህ?»

«ቦታ አጥቼ ነው።»

ጽዮን መልሳ ተደገፈች። መኪናው ዋሻው ውስጥ ገባ፤ ቢጫ መብራቶቹ በሁሉም ፊት ላይ እየተፈራረቁ አለፉ። ሕብስት በዚያ መብራት የፊቱን ሰው ማጅራት እያየች፣ ዓይኗን ትንሽ ብታጠብብ ታዲዮስን ልታየው እንደምትችል አወቀች። አጠበበችው። ወዲያው ተጸጽታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዋሻው ወጥተው ሽዋመንዲንገን የሚባለውን ሰፈር ፎቆች ሲያልፉ ጽዮን እንደገና፣

«ከፈልክ?» አለች።

«በፍጹም» አለ ኅሩይ። «ለቆመ መኪና እኔ አልከፍልም።»

ወርቅዬ ሾርባው ላይ አጎንብሳ ቀረች። ዲቤንዶርፍ ደረሱ።

ጽዮንን ኅሩይና ሕብስት ግራና ቀኝ ይዘው፣ ወርቅዬ ክራንቾቹን ተሸክማ ከኋላ እየገፋች አወጧት። «ኪሎ ጨምረሻል፣ አንቺ ልጅ» ትላለች ወርቅዬ በየደረጃው እረፍት ላይ። ጽዮን ትስቃለች። አልጋዋ ላይ አጋድመው እግሯን ትራስ ላይ ካወጡት በኋላ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ወርቅዬ ሾርባውን ወጥ ቤት አስቀምጣ፣ ለስንብት ሕብስትን ሦስቴ ሳመቻትና ወደ ጆሮዋ፣ «አትንገሪያት። ተኝታ ስትነሣ ትረሳዋለች» ብላት ወረደች። ኅሩይ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ኅሩይ» አለች ሕብስት። «የት ነው የወደቀው?»

አንድ ጊዜ ወደ ደረጃው አየ። ሚስቱ ርቃለች።

«ሁሉንም ልንገርሽ?»

«ሁሉንም። እንደቆምክ።»

«ከሱቃችን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አትክልት መሸጫው በር ላይ። ደርሻለሁ፣ ቦታ እየፈለግሁ ነው ብሎ ደውሎልኝ ነበር። እኛ ላይ ቤት ምግብ ቀርቧል። ሰው ሁሉ ታዲዮስስ ይላል። እኔ ነኝ…» ኮፍያውን አዞረው። «እኔ ነኝ መኪናውን እያቆመ ነው ያልኩት። ሁላችንም ሳቅን። አንዴ አይደለም፣ ሰው በገባ ቁጥር። የአምቡላንስ ድምፅ በመስኮቱ ሥር ሲመጣ ለሕፃኑ ብለን መስኮቱን ዘጋነው። በኋላ ነው የአትክልት ቤቱ ሰውዬ የታዲዮስን ስልክ ይዞ ወደ ላይ የመጣው። መኪናውን ያገኘሁት ከስንት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በጣም ሩቅ ነው ያቆመው። የሕፃኑን ስጦታ ተሸክሞ፣ ዘገየሁ ብሎ ሳይሮጥ አልቀረም። በቀጥታ ልነግርሽ ስልኩን አንሥቼ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ሌላ ቃል ወጣ።»

ሕብስት የበሩን ጉበን ይዛ ሰማችው። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። እንዲህ ያለ ቃል እንዴት እንደሚወጣ ግን ዛሬ በራሷ አፍ አይታዋለች።

«ነገ መጥተህ ቦታውን ታሳየኛለህ» አለች።

«ባዶ አስፋልት ነው፣ ሕብስት።»

«ባዶውን አየዋለሁ።»

እሺ ብሎ ወረደ። ሕብስት ወንበር ስባ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። የክረምቱ ቀን ቶሎ እየጨለመ ነው። ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየችው ነበር፤ መጋረጃው፣ የደረቀው አበባ፣ የታዲዮስ ፎቶ ግራፍ መደርደሪያው ላይ። ፎቶው ላይ ያረፈውን ዓይኗን መልሳ አነሣች። ጽዮን ተላወሰች። ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ ጉልበቷን እያየች ፊቷን አጨማደደች። ዓይኖቿ ጠርተዋል።

«እማ» አለች። «ፓፓ…» ብላ አቋረጠች።

አሁን ዝም ማለት ይቻላል። ነርሷም ወርቅዬም የፈቀዱላት ነገር ነው። ሕብስት ወንበሯን ትታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የልጇን ሁለት እጆች ያዘች።

«ስሚኝ» አለች። «ፓፓ የለም። ሞቷል፣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሐኪም ቤት ፓፓስ ብለሽ ስትጠይቂኝ መኪናውን እያቆመ ነው ብዬ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። መኪና የነዳው ጋሼ ኅሩይ ነው። መልስላት ያልኩትም እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው።»

ጽዮን የእናቷን እጅ አልለቀቀችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ዋሻው ውስጥ ነቅቻለሁ። መብራቱ… አላውቅም፣ እዚያ ገባኝ። ጋሼ ኅሩይ መሆኑን።»

«ከዋሻው በኋላም ጠየቅሽው እኮ።»

«አዎ። እንዲመልስልኝ ፈልጌ።» እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። «ሜሻንት ነኝ፣ እማ? ክፉ ነኝ?»

ሕብስት በሻርፗ ጫፍ ጠረገችላት። «እኔም መልሱን ልሰማ ፈልጌ ነበር» አለች።

ሕብስት፣ ወርቅዬ ያመጣችውን ሾርባ አሙቃ ሰጠቻት፤ ጽዮን ግማሹን ጠጣች። ሁለቱም የታዲዮስን ስም አላነሡም። ቤቱ ውስጥ ግን ከልጇ ትንፋሽ ሌላ፣ ሕብስት ልትለየው የማትችለው ጸጥታ ነበር፤ አንድ ሰው ሊመጣ ነው ተብሎ የተነገረበት ቤት ጸጥታ።

ከታች የዋናው በር ተዘጋ። እግር ደረጃውን ይወጣ ጀመር። ቀስ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ዕቃ የያዘ ሰው እግር ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፈ። ጽዮን ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ሕብስት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እግሩ እንደገና ተነሣ፣ ወደ እነሱ ፎቅ መጣ፣ በራቸው ፊት ሲደርስ ዘገየ።

አለፈ። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ፤ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ፣ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

እናትና ልጅ አልተያዩም። ጽዮን፣ «እማ፣ በሩን አልቆለፍሽውም እንዴ?» አለች በዝግታ።

«አልቆለፍኩትም።»

ሕብስት ተነሣች። ኮሪደሩን አልፋ በሩ ጋ ደረሰችና እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያም አዞረችው።